ገንቢ ነው ወይስ ጠባቂ? የጂን ተቆጣጣሪ በነርቭ ሕዋስ ቅርጽ ላይ ያለውን ሥራ የመፈተሻ መመሪያ

አንድ የጂን ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሌሎች ጂኖች መቼና ምን ያህል እንደሚሠሩ የሚወስን ሞለኪውል፣ ከነርቭ ሕዋስ ሲወገድ ዴንድራይቶች (ምልክት የሚቀበሉት ቅርንጫፎች) አጥረው፣ ስፓይኖች (በእነሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉብታዎች) ሳስተው ይገኛሉ፤ ከዚያ «ይህ ጂን ለብስለት ያስፈልጋል» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ አባባል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ሕዋሱ ቅርንጫፎቹን ጨርሶ ሳያወጣ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ካወጣቸው በኋላ ይዞ ማቆየት አቅቶት ማጣቱ ነው። በመጨረሻው ቀን በማይክሮስኮፕ የሚታየው ምስል ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ተቆጣጣሪው የተወገደበት ቀንና በዚያው ቀን የተወሰደ የመነሻ ልኬት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የላቦራቶሪ አይጥ ሂፖካምፐስና ኮርቴክስ ሕዋሳትን በካልቸር በማሳደግ ላይ የቆመ ሲሆን፣ የካልቸር ሥራን መሠረታዊ ልምድ ላለው አንባቢ የታሰበ ነው።

ቁጥጥሩ የሚካሄድባቸው እርከኖች

የምትፈትሹት ተቆጣጣሪ በየትኛው እርከን ላይ እንደሚሠራ ማወቅ የሙከራውን ጊዜም መለኪያውንም ይወስናል።

ቀድሞ የሚመጣው የክልከላ መነሣት ነው። ሬስት የሚባለው ፕሮቲን የነርቭ ባልሆኑ ሕዋሳት ውስጥ 21 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት ቅደም ተከተል ላይ ተቀምጦ ብዙ የነርቭ ጂኖችን ዘግቶ ይይዛል። ሕዋሱ ወደ ነርቭነት ሲያመራ የሬስት መጠን ይወርድና የተዘጉት ይከፈታሉ። ከእነዚህ አንዱ ማይክሮአርኤንኤ 124 የተባለ፣ ሌሎች አርኤንኤዎችን የሚያፍን አጭር አርኤንኤ ነው። እሱና ማይክሮአርኤንኤ 9* (የማይክሮአርኤንኤ 9 ተጓዳኝ ገመድ) ተባብረው ባፍ53ኤ የተባለውን የክሮማቲን አደራጅ ክፍል ያፍናሉ፤ ቦታውን ባፍ53ቢ ይይዛል። ይህ ቅያሬ ከተሰናከለ በኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚነሣሣው የዴንድራይት እድገት አብሮ ይሰናከላል።

ያው ማይክሮአርኤንኤ 124 ፒቲቢፒ1 የተባለውን ፕሮቲን ስለሚቀንስ የስፕላይሲንግ ሥርዓቱም፣ ማለትም የአርኤንኤ ቁራጮች (ኤክሰኖች) ተመርጠው የሚቀጠሉበት መንገድ፣ ይቀየራል። እዚህ ላይ ፒኤስዲ-95 የተባለው የሲናፕስ ፕሮቲን ብዙ ያስተምራል። ጂኑ ገና ባልበሰለ ሕዋስ ውስጥ ይነበባል፤ ግን ፒቲቢፒ1 እና ፒቲቢፒ2 18ኛውን ኤክሰን ስለሚያስዘልሉ ኤምአርኤንኤው ፕሮቲን ሳይሠራበት ይፈርሳል። ፕሮቲኑ መከማቸት የሚጀምረው እነዚህ ሁለቱ በየተራ ሲቀንሱ ነው። ስለዚህ የጂኑን መነበብ ብቻ የለካ ሰው ይህን ቁጥጥር አያየውም፤ ኤክሰኑ የገባበትንና የተዘለለበትን ቅጂ ለየብቻ የሚያነቡ ፕራይመሮች ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎ የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ይመጣል። በአይጥ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ዲኤንኤምቲ3ኤ የተባለው ኢንዛይም ሳይቶሲን ከአዴኒን በፊት በሚገኝባቸው ቦታዎች ላይ ሜቲል ያክላል፤ ሜክፒ2 ደግሞ ምልክቱን ያነባል። ይህ ከአብዛኛው የካልቸር ዕድሜ ጋር ስለማይገጥም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በእንስሳ ላይ መሥራት ይሻላል። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ካልሲየም ወደ ሕዋሱ በገባ ቁጥር የሚነቁት ክሬብ እና ሜፍ2 የተባሉ ተቆጣጣሪዎች አሉ። ሜፍ2ን ብዙ ሰው የሲናፕስ ገንቢ አድርጎ ይገምተዋል። ሥራው ግን በአብዛኛው መቀነስ ነው፤ እንቅስቃሴ ሲበዛ ፒኤስዲ-95 እንዲፈርስ የሚያደርጉ ጂኖችን ያስነብባል፣ የአነቃቂ ሲናፕሶች ቁጥርም ይወርዳል። ተቆጣጣሪ ሲወገድ ስፓይን ይበዛ ዘንድ የሚጠበቅበት ጊዜም እንዳለ አስቀድማችሁ አስቡ።

ጥበቃ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ በብዙ እንስሳት ታይቷል። በሲ. ኤሌጋንስ ትል ተርሚናል ሴሌክተር የሚባሉት ፕሮቲኖች የሕዋሱን ማንነት ካቋቋሙ በኋላም ሳያቋርጡ ይሠራሉ፤ በጎልማሳ ትል ውስጥ ሲወገዱ ማንነቱ ይላላል። በአይጥ ነር1 ከጎልማሳ የዶፓሚን ሕዋሳት ሲነሣ የዶፓሚን መለያዎቻቸው ይዳከማሉ። ሜክፒ2 ከጎልማሳ አይጥ ሲወገድ በሬት ሲንድረም (ከሜክፒ2 ጉድለት በሚመጣው የነርቭ በሽታ) የሚታየው ዓይነት ችግር ይመጣል፤ በ2007 የወጣ ሥራ ደግሞ ጂኑ ዘግይቶ ሲመለስ ምልክቶቹ በእጅጉ እንደሚሻሻሉ አሳይቷል። ቤት ሠርቶ መጨረስና ቤቱ እንዳይፈርስ መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ ሁሉ፣ አንድ ፕሮቲን አንዱን፣ ሌላውን ወይም ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል።

መጀመሪያ የተቆጣጣሪውን የጊዜ ሠንጠረዥ አውጡ

ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ተቆጣጣሪው መቼ እንደሚታይ ለኩ። በካልቸር ቀን 1፣ 3፣ 7፣ 14 እና 21 አርኤንኤና ፕሮቲን ሰብስቡ። ጎን ለጎን የብስለት ምልክቶችን ለኩ፦ ክሎራይድን ከሕዋሱ የሚያስወጣው ኬሲሲ2 መጠኑ መጨመር አለበት፤ የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ክፍል የሆነው ግሉኤን2ኤ ከግሉኤን2ቢ አንጻር ድርሻው ማደግ አለበት፤ ታው የተባለው ፕሮቲን ጂን 10ኛ ኤክሰን መግባት መጀመር አለበት። እነዚህ ካልተንቀሳቀሱ ካልቸራችሁ አልበሰለም፤ በእሱ ላይ ስለ ጥበቃ መጠየቅም ትርጉም የለውም።

ለአርኤንኤ ልኬቱ በእያንዳንዱ ናሙና ከ200 እስከ 500 ናኖግራም አርኤንኤ ወደ ሲዲኤንኤ ቀይሩ። የፕራይመር ብቃት ከ90 እስከ 110 በመቶ ይሁን። በቅልመት ናሙናዎች ሲታይ የመስመሩ ዝንባሌ ከ-3.6 እስከ -3.1 ማለት ነው። ማነጻጸሪያ ጂን ቢያንስ ሁለት ያዙ። ጋፕዲኤች ብቻውን አይበቃም፤ የሕዋሱ የኃይል አጠቃቀም በብስለት ጊዜ ስለሚለወጥ እሱም አብሮ ሊዋዥቅ ይችላል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልተጨመረበት ናሙና አትዝለሉ፤ በተለይ አንድ ኤክሰን ብቻ ባላቸው ጂኖች የዲኤንኤ ብክለት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሊያጣምመው ይችላል።

ተቆጣጣሪው በቀን 3 ከፍ ብሎ በቀን 14 ከጠፋ የጥበቃ ሙከራው ብዙም አያስፈልግም። በቀን 21ም ከፍተኛ ሆኖ ከቆየ ጥያቄው ክፍት ነው፤ ፕሮቲን መኖሩ ብቻ ሥራ አለው ማለት አይደለምና።

ካልቸሩን ማዘጋጀት

የመልክ ልኬት ጥራት ሕዋሱ ሳህኑ ላይ ከመቀመጡ በፊት ይወሰናል። ክብ ከቨርስሊፕ፣ ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.17 ሚሊሜትር የሆነውን ምረጡ። በናይትሪክ አሲድ አሳድሩት፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ አምክኑት። ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በሆነ ፖሊ-ዲ-ላይሲን አሳድሩና በንጹሕ ውኃ 3 ጊዜ አለቅልቁ። በደንብ ያልታጠበ ፖሊ-ላይሲን ለሕዋሱ መርዝ ነው፤ በማግስቱ ሕዋሳቱ ክብ ሆነው የተነሡ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ሕዋሳቱ የሚወሰዱት ከ18 ቀን የራት (የትልቋ የላቦራቶሪ አይጥ) ፅንስ ወይም ከ16 ተኩል እስከ 17 ተኩል ቀን ከሆነው የትንሿ አይጥ ፅንስ ነው፤ ለዚህ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ግዴታ ነው። ሕብረ ሕዋሱን በፓፔይን፣ 20 ዩኒት በሚሊሊትር፣ በ37 ዲግሪ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት። በእሳት ጫፉ በለሰለሰ የመስታወት ፒፔት ከ10 እስከ 15 ጊዜ ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ ይበቃል። አረፋ አትፍጠሩ። ከዚህ በላይ መምታት ሕዋስ ይሰብራል፤ ከተሰበሩት የሚወጣው ዲኤንኤ ቀሪዎቹን እንደ ንፍጥ አጣብቆ ይይዛቸዋል።

ለቅርጽ ልኬት በካሬ ሴንቲሜትር 25,000 ገደማ ሕዋስ ዝሩ፤ ባለ 24 ዌል ሳህን ላይ በአንድ ዌል ወደ 50,000 ማለት ነው። ለአርኤንኤና ለፕሮቲን ባለ 6 ዌል ሳህን ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 80,000 ያህል፣ በአንድ ዌል 750,000 ገደማ ይሆናል። ጥግግቱ ራሱ ብስለትን ይለውጣል፦ ሲሳሳ ሕዋሱ ይዳከማል፣ ሲጠጋጋ ደግሞ የማን ቅርንጫፍ የማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ በጥግግት የተለያዩ ሳህኖችን አታወዳድሩ።

ሚዲያው ኒውሮቤዛል፣ በእሱ ላይ 2 በመቶ ቢ27 እና 2 ሚሊሞላር የግሉታሚን ተተኪ ነው። በየ3 ወይም 4 ቀኑ ከሲሶ እስከ ግማሹን ብቻ ቀይሩ። ሙሉ በሙሉ የተቀየረበት ሳህን ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ሕዋሳቱ ራሳቸው ወደ ሚዲያው ያወጧቸው ደጋፊ ነገሮች አብረው ስለሚሄዱ ነው። በጠርዝ ያሉት ዌሎች ቶሎ ስለሚተኑ የጨው መጠናቸው ይጨምራል፤ እነሱን በንጹሕ ውኃ ሙሏቸውና ለልኬት አትጠቀሙባቸው። ግላያ (የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት) እንዳይበዛ በቀን 3 ወይም 4 የሕዋስ መከፋፈልን የሚገታው አራ-ሲ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሞላር ይበቃል።

ጤናማ ሳህን በሰዓቱ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉት። በ12 ሰዓት ገደማ አጫጭር ቅጥያዎች ይወጣሉ፣ በ36 ሰዓት ገደማ አንዱ ረዝሞ አክሰን ይሆናል፣ በ4ኛው ቀን ዴንድራይቶች ማደግ ይጀምራሉ። ስፓይኖች በብዛት የሚታዩት ከቀን 14 እስከ 21 ነው።

የማስወገጃ ጊዜ፦ የሙከራው እምብርት

ሦስት ቡድን ሳይሆን አራት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሙከራ የሚወድቀው አራተኛው ስለሚጎድለው ነው። አንዱ ቡድን ከቀን 1 ወይም 2 ጀምሮ ተቆጣጣሪው የተወገደበት ነው። ሌላው እስከ ቀን 14 ሳይነካ ቆይቶ በዚያ ቀን የተወገደበት ነው። ሦስተኛው ያልተወገደበት ማነጻጸሪያ ሲሆን እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያል። የሚረሳው አራተኛው፣ በቀን 14፣ ማለትም በማስወገጃው ቀን፣ ፓራፎርማልዴሃይድ ተጨምሮበት ቅርጹ ባለበት እንዲቆም የተደረገው የመነሻ ቡድን ነው።

የሚነበበውም እንዲህ ነው። ዘግይቶ የተወገደበት ቡድን በቀን 24 ሲለካ ከመጨረሻው ማነጻጸሪያ በታች፣ ከመነሻው ጋር ግን እኩል ከሆነ ሕዋሱ ያለውን አላጣም፤ ማደጉን ብቻ አቁሟል። ከመነሻው በታች ከወረደ አጥቷል፤ ይህ ጥበቃ ነው። ከመጨረሻው ማነጻጸሪያ ጋር እኩል ከሆነና ቀድሞ የተወገደበት ቡድን ብቻ ከተጎዳ ተቆጣጣሪው ገንቢ ብቻ ነው። የመነሻ ቡድን ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይለዩም።

በቀን 14 አጥፍቶ በቀን 17 «ምንም አልተለወጠም» ማለት ግን አይቻልም። የፕሮቲኑ ግማሽ ዕድሜ 4 ቀን ከሆነ፣ ጂኑ ወዲያውኑ ቢዘጋ እንኳ በ4ኛው ቀን ግማሹ፣ በ8ኛው ሩቡ፣ በ12ኛው ስምንተኛው ክፍል ገና አለ። በካልቸር ውስጥ የብዙ የሲናፕስ ፕሮቲኖች ግማሽ ዕድሜ ከ2 እስከ 5 ቀን ስለሆነ ተቆጣጣሪው ጠፍቶም የሠራቸው ፕሮቲኖች ለተወሰነ ጊዜ ቅርጹን ይዘው ይቆያሉ። መለኪያ ቀናችሁን ከመወሰናችሁ በፊት በየ2 ቀኑ ዌስተርን ብሎት ሠርታችሁ የተቆጣጣሪው መጠን ከ20 በመቶ በታች የሚወርድበትን ቀን እወቁ። ከዚያ ቀን ላይ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ጨምሩ።

የማስወገጃ መንገዱን እንደ ጥያቄው ምረጡ። ለአርኤንኤ፣ ለክሮማቲንና ለዌስተርን ብሎት ሁሉም ሕዋስ መነካት ስላለበት ሌንቲቫይረስ ይሻላል። በአንድ ሕዋስ 3 ተላላፊ ቅንጣት ከሰጣችሁ 95 በመቶ ያህሉ ይነካል፤ 1 ብቻ ከሰጣችሁ 63 በመቶ። ከ5 በላይ መስጠት ቫይረሱ ራሱ ሕዋሱን የማስጨነቁን ዕድል ከማሳደግ በቀር እምብዛም አይጠቅምም። ለቅርጽ ግን ተቃራኒው ይሻላል፦ በመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑትን ብቻ የሚነካ ትራንስፌክሽን፣ ማለትም ፕላዝሚድን ያለ ቫይረስ ወደ ሕዋስ ማስገባት። አንዱ የተነካ ሕዋስ ባልተነኩ ጎረቤቶች መካከል ስለሚቀመጥ የታየው ለውጥ ከራሱ ከሕዋሱ እንጂ ከአውታሩ መዳከም እንዳልመጣ ታውቃላችሁ። የጂኤፍፒ (ሕዋሱን በብርሃን የሚለየው ፕሮቲን) እና የኤስኤችአርኤንኤ (ጂኑን የሚያፍነው አጭር አርኤንኤ) ፕላዝሚድ ለየብቻ ከሆኑ አንድ ለሦስት አድርጓቸው፤ ከተቻለ ሁለቱ በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ይሁኑ።

ተቆጣጣሪውን በሰዓታት ውስጥ ማፍረስ የሚያስፈልግ ከሆነ በራሱ በጂኑ ላይ የማፍረሻ መለያ የተገጠመበት የሕዋስ መስመር ወይም እንስሳ ያስፈልጋል። ሥራው ብዙ ነው፤ ቀጥተኛ ዒላማዎችን ለመለየት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ጂን ቆርጦ የሚያወጣውንና በታሞክሲፈን የሚነቃውን ክሬ የተባለ ኢንዛይም የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ታሞክሲፈን የኢስትሮጅን ተቀባይን የሚነካ መድኃኒት ነው፤ ኢስትሮጅን ደግሞ የሂፖካምፐስ ስፓይኖችን ቁጥር ይለውጣል። ስለዚህ ክሬ የሌለው ሳህንም ታሞክሲፈን መቀበል አለበት። ክሬ በቫይረስ ከተሰጠም ማነጻጸሪያው ባዶ ጂኤፍፒ ሳይሆን መቁረጥ የማይችለው የክሬ ዓይነት ይሁን።

ለውጡ ከጂኑ መሆኑን ማረጋገጥ

ኤስኤችአርኤንኤ በነርቭ ሕዋስ ቅርጽ ሥራ ላይ መጥፎ ስም አለው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። አንዳንድ ቅደም ተከተሎች ዒላማቸው በሕዋሱ ውስጥ ባይኖርም እንኳ ዴንድራይትን ያሳጥራሉ፣ ስፓይንን ያጠፋሉ። ከበዛ የሕዋሱን የራሱን የማይክሮአርኤንኤ ማቀነባበሪያም ያጨናንቃል። ሁለት የማይመሳሰሉ ቅደም ተከተሎች አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለባቸው። ከዚያም ፕሮቲኑን ሳይለውጡ ኤስኤችአርኤንኤው የሚያርፍበትን ቦታ በ4 ወይም በበለጠ ፊደል የቀየረ ቅጂ መልሱለት። ካልተመለሰ ውጤቱን አትመኑት።

መልሶ መስጠቱ ራሱ በመጠን ነው። ሜክፒ2 ሲጎድል ሬት ሲንድረም፣ ጂኑ ሲደገም ደግሞ ሌላ ከባድ በሽታ ያመጣል። በድሮሶፊላ ቆዳ ሥር ባሉት የስሜት ሕዋሳት የካት ፕሮቲን መጠን የቅርንጫፉን ዓይነት ይወስናል፤ በአንደኛው ክፍል ሕዋሳት የለም፣ በሁለተኛው ዝቅተኛ፣ በአራተኛው መካከለኛ፣ በሦስተኛው ከፍተኛ ነው። እንግዲህ በጠንካራ የቫይረስ ፕሮሞተር አሥር እጥፍ የተመለሰ ፕሮቲን «አልረዳም» ቢባል ማስረጃ አይሆንም። ደካማ ፕሮሞተር ተጠቀሙ፤ የተመለሰውን መጠንም ከተፈጥሮው ጋር በአንቲቦዲ አወዳድሩ።

ቅርጹን መለካት

ሕዋሳቱን በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ እና 4 በመቶ ሱክሮዝ፣ በክፍል ሙቀት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይታችሁ ቅርጻቸውን አቁሙ። ሱክሮዙ ሲቀር ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች እንደ ዶቃ ይቋጠራሉ፤ ብዙ ጊዜ እንደ በሽታ ምልክት ተቆጥሮ ያሳስታል። ዴንድራይትን ማፕ2 በተባለው፣ የአክሰንን መነሻ ክፍል አንኪሪን-ጂ በተባለው መለያ ፕሮቲን ለዩ። ሕዋሱ በፓራፎርማልዴሃይድ ብዙ ከቆየ አንቲቦዲው አንኪሪን-ጂን አይይዘውም።

ለቅርንጫፍ ብዛት ሾል በ1953 ያወጣው የክቦች ዘዴ ዛሬም ይበቃል። በ20 እጥፍ ሌንስ የተነሣውን ምስል ፊጂ በተባለው የምስል ፕሮግራም ክፈቱ፣ ማፕ2 የሌለውን አክሰን ከቆጠራው አውጡ፣ በየ10 ማይክሮሜትሩ ክብ ሥሩና ቅርንጫፎች ክቦቹን የሚያቋርጡባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። የሕዋሱን አካል ሸፍኑ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያዎቹ ክቦች የሐሰት ቁጥር ይሰጣሉ። ጠቅላላ ርዝመትንም ለብቻው መዝግቡ፤ ርዝመቱ ሳይቀየር ቅርንጫፉ ወደ አካሉ ሊጠጋጋ ይችላልና።

ስፓይን የሚለካው በ60 ወይም 63 እጥፍ የዘይት ሌንስ ነው። የፒክስል መጠኑ ከ60 እስከ 80 ናኖሜትር፣ የጥልቀት እርምጃው ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮሜትር ይሁን። ከእያንዳንዱ ሕዋስ 2 ቁራጭ የሁለተኛ ደረጃ ዴንድራይት፣ እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 50 ማይክሮሜትር ውሰዱ፤ ከአካሉ ያላቸው ርቀት በሁሉም ሕዋስ አንድ ይሁን። የስፓይን አንገት ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከተራ ማይክሮስኮፕ የመለየት አቅም በታች ስለሆነ አንገት ለካሁ የሚል ቁጥር አታውጡ።

ስለ መረጋጋት የሚናገረው ግን የቆመ ሕዋስ ሳይሆን በሕይወት ያለው ነው። ያንኑ ዴንድራይት ዛሬና ነገ አንሱ፤ የተጨመሩትንና የጠፉትን ደምሩ፣ በሁለቱ ቀናት ድምር አካፍሉ። ዛሬ 40 ስፓይን ነበር እንበል፤ ነገ 8 ጠፍቶ 8 አዲስ ቢመጣ ቁጥሩ ያው 40 ነው፣ ልውውጡ ግን 16 ሲካፈል ለ80፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። የማነጻጸሪያው 10 በመቶ ከሆነ ብዛቱ ምንም ሳይነካ መረጋጋቱ ተናግቷል ማለት ነው። የመብራቱን ኃይል ዝቅ አድርጉ፤ ብርሃን ራሱ ስፓይን ያስጥላል። ሳይቀረጽ ኢንኩቤተር ውስጥ የቆየ ሳህን መጨረሻ ላይ ብቻ አንሥታችሁ ማወዳደር ይህን ያጋልጣል።

ልኬቱን የሚሠራው ሰው የቡድኑን ስም አይወቅ። ከ3 የተለያዩ ካልቸሮች ከእያንዳንዳቸው 15 ሕዋስ ቢለካ የናሙና ብዛቱ 3 እንጂ 45 አይደለም፤ የአንድ ሳህን ሕዋሳት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ካልቸሩን እንደ ራሱ የቻለ ደረጃ የሚቆጥር ቅይጥ ሞዴል ተጠቀሙ።

እንቅስቃሴን ከቁጥጥር መነጠል

ተቆጣጣሪው ሲጠፋ ሕዋሱ መተኮሱን ከቀነሰ ቅርጹ በእንቅስቃሴ እጦት ብቻ ሊለወጥ ይችላል። የአክሰን መነሻ ክፍል ለምሳሌ ሕዋሱ በ15 ሚሊሞላር ፖታሲየም ለ48 ሰዓት ሲቆይ ከአካሉ ይርቃል፤ ጂን ሳይነካ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቡድን የነርቭ ተኩስን በሚያግደው ቲቲኤክስ (ቴትሮዶቶክሲን)፣ በ1 ማይክሮሞላር፣ ዝም አሰኝታችሁ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከጠፋ መነሻው እንቅስቃሴ ነበር። ቲቲኤክስ ገዳይ መርዝ ስለሆነ በጓንት፣ ተመዝግቦና ተቆልፎ ይያዝ። በዚያ ላይ 48 ሰዓት ዝም ማሰኘት ሲናፕሶችን ለማካካስ እንደሚያጎለብት አትርሱ፤ ጊዜው በሁለቱም ቡድን እኩል ይሁን።

ለእንቅስቃሴ የሚሰጠውን የጂን ምላሽ ለመፈተሽ ሌሊቱን በቲቲኤክስ ካሳደራችሁ በኋላ ወደ 55 ሚሊሞላር ፖታሲየም አድርሱ። 170 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድና 10 ሚሊሞላር ሄፔስ ያለው፣ ፒኤች 7.4 የሆነ መፍትሔ አዘጋጁ፤ 0.69 ሚሊሊትር ሚዲያ ባለበት ዌል ላይ 0.31 ሚሊሊትር ጨምሩ። በእንቅስቃሴ ከሚነሡት ጂኖች ፎስን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ቢዲኤንኤፍን ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። ፎስ ተነሥቶ ቢዲኤንኤፍ ካልተነሣ ካልሲየሙ ገብቷል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ባለው እርከን ነው። ሁለቱም ካልተነሡ ስለ ተቆጣጣሪው ከማውራት በፊት ሕዋሱ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ።

ከጂን እስከ ቅርጽ ያለውን መስመር መዝጋት

ተቆጣጣሪው ከጠፋ ከ10 ቀን በኋላ የተሰበሰበ አርኤንኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለወጡ ጂኖችን ያሳያል፤ ብዙዎቹ የጉዳቱ ውጤቶች ናቸው። ፕሮቲኑ በወረደ በሰዓታት ውስጥ የተለወጡትን፣ በተለይ የኢንትሮን ንባባቸው የተለወጠውን አስቀድሙ። ኢንትሮን፣ በስፕላይሲንግ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል፣ ገና ያልተቀነባበረ አዲስ አርኤንኤ ላይ ስለሚገኝ የንባቡን መጠን ይናገራል። ከዚያ ተቆጣጣሪው በእነዚያ ጂኖች ላይ መቀመጡን በካት-ኤንድ-ረን፣ ማለትም ፕሮቲኑ የተቀመጠበትን ዲኤንኤ ቆርጦ በሚለይ ዘዴ፣ አረጋግጡ፤ ከ100,000 እስከ 500,000 ሕዋስ ይበቃዋል። የተለመደው የክሮማቲን ማውጣት ዘዴ ከሚሊዮን በላይ ይፈልጋል፤ እሱን ከመረጣችሁ 1 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ 125 ሚሊሞላር ግላይሲን ለ5 ደቂቃ፣ ዲኤንኤውን ደግሞ ከ200 እስከ 500 ፊደል ድረስ ስበሩ። ግላያ በበዛበት ካልቸር የሚታየው ምልክት የግላያ ሊሆን ስለሚችል ኒዩኤን የተባለው የነርቭ ሕዋስ መለያ ፕሮቲን ያላቸውን ኒውክሊየሶች ለይቶ መሥራት ያዋጣል።

በመጨረሻ ከዒላማዎቹ አንዱን ተቆጣጣሪው በሌለበት ሕዋስ ውስጥ መልሱ። ቅርጹ በከፊልም ቢመለስ መስመሩ ታይቷል። በድሮሶፊላ ኖት የተባለው ተቆጣጣሪ የማይክሮቱቡል ቆራጩን ስፓስቲን እያስነበበ ቅርንጫፍ እንደሚያበዛ የታወቀው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ከአንድ ዒላማ ሙሉ ማገገም አትጠብቁ፤ ተቆጣጣሪ ብዙ ጂኖችን አንድ ላይ ስለሚይዝ 30 ወይም 40 በመቶ መመለስ ጥሩ ውጤት ነው።

ከሰው ግንድ ሕዋስ በተሠሩ ነርቮች ላይ ይህን ሁሉ ስትደግሙ የቀን ቁጥሮቹን አትቅዱ። ኤንጂኤን2 በተባለው ተቆጣጣሪ ወደ ነርቭነት የተገፉት ሕዋሳት ከአይጥ ግላያ ጋር አብረው ቢቀመጡም ሲናፕስ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በሌሎች ዘዴዎች የሚሠሩት የኮርቴክስ ነርቮች ወራት ይፈልጋሉ። ኢዜድኤች2ን የመሳሰሉ የክሮማቲን ፕሮቲኖች የብስለት ጂኖችን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዙ ቀን 14 ላይ ያለው የሰው ሕዋስ ገና በግንባታ ላይ ነው። የማስወገጃውን ቀን በምልክቶቹ ወስኑ፦ ኬሲሲ2 ወጥቶ፣ ግሉኤን2ኤ ድርሻውን አሳድጎ፣ የስፓይን ቁጥር በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ልኬት ሳይጨምር ሲቀር።